ኤቲቪያችሁ ሲንኳኳ፦ ከመፍታታችሁ በፊት ድምፁን አግኙት

ኤቲቪ፣ ማለትም ባለአራት ጎማው ሞተር፣ ድሮም ጸጥተኛ አይደለም። ብዙዎቹ ባለአንድ ሲሊንደር ስለሆኑ ገና ሲነሱ ይንቀጠቀጣሉ። ውሏቸውም ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ላይ ቡሎን ቢላላ ወይም ፕላስቲክ ቢሰነጠቅ አይገርምም። ትናንት ያልነበረ ኳኳታ ዛሬ ከተሰማ ግን መታየት አለበት። የሆነ ነገር ከቦታው መነቃነቅ ጀምሯል ማለት ነው። ቶሎ ከተያዘ አንድ ቡሎን በማጥበቅ ያልቃል። ከተተወ የላላው ክፍል ቀዳዳውን እያሰፋ አጠገቡ ያለውንም እየበላ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ኳኳታ ሲሰማ ቀድሞ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። ክዳን ይፈታል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ይለወጣል፤ ድምፁ ግን እዚያው ነው። ኋላ ላይ ጥፋተኛው የማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) ሽፋን ላሜራ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አጥብቄ የምመክረው ይህን ነው፦ ቺያቤ (የቡሎን መፍቻ) ከማንሳታችሁ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ እወቁ። መቼ እንደሚመጣ ከታወቀ የት እንዳለ ለማግኘት አትቸገሩም። ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች ብዙ አይደሉም። የቺያቤ ስብስብ፣ ካቻቪቴ፣ ክሪክ፣ ተሽከርካሪውን ደግፎ የሚይዝ ጠንካራ መቆሚያ፣ የጎማ መዶሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ጓንት፣ የማይለቅ ቀለም ያለው ማርከር። የሞዴላችሁ የጥገና መጽሐፍ ቢኖር ትልቅ ነገር ነው። እያንዳንዱ ቡሎን በምን ያህል ኃይል መጥበቅ እንዳለበት የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሦስት ነገር ደግሞ ለጥንቃቄ። ሞተሩን በዝግ ክፍል ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። በክሪክ ብቻ ከተነሳ ተሽከርካሪ ሥር አትግቡ። ማርሚታውና ከሞተሩ የሚወጣው የጭስ ቱቦ ሳይቀዘቅዙ እጃችሁን አታስጠጉ።

1. እጠቡት፣ አራግፉት

ጭቃ የተሸከመ ኤቲቪ ላይ ድምፅ መፈለግ ልፋት ነው። ጭቃው የላላውን ቡሎን ይሸፍናል፣ የተሰነጠቀውን ይደብቃል። በደንብ እጠቡት፤ ነገር ግን ኃይለኛ ውኃ ኩሽኔታዎች (ዘንጎች በቀላሉ እንዲዞሩ የሚያደርጉ ቀለበቶች) እና የኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎች ላይ ቀጥታ አትልቀቁ።

ከዚያ ተሽከርካሪው አካል ያልሆነውን ሁሉ አውርዱ። ወንበሩን አንሱ። ሥሩ የሚቀመጠው የመፍቻ ከረጢት ብቻውን ብዙ ሰው አሳስቷል። ዕቃ ማስቀመጫ ሳጥኖቹን ባዶ አድርጉ። ተጎታች ማያያዣው ላይ የተሰካ ፒን ወይም ኳስ ካለ ንቀሉት። የባትሪው ማሰሪያ መጥበቁን ተመልከቱ። አሁን ትንሽ ነድታችሁ አድምጡ። ድምፁ ከጠፋ ሥራው እዚህ አለቀ።

2. መቼ ነው የሚመጣው?

ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ተሽከርካሪውን አቁማችሁ፣ ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) ላይ አድርጋችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ አስነሱት። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት፣ እየሠራ አድምጡ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ነዳጅ ስጡት። ቆሞም ከተንኳኳ ጎማውንና መሪውን ለጊዜው ተዉአቸው፤ ነገሩ ያለው ሞተሩ፣ ማርሚታው፣ ቺንጋው (ኃይል የሚያስተላልፈው የጎማ ቀበቶ) ወይም በንዝረት የሚነቃነቅ ሽፋን ላይ ነው።

በአንድ የተወሰነ የሞተር ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ፣ ከዚያ ሲያልፍ የሚጠፋ ድምፅ አለ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ላሜራ ወይም ፕላስቲክ ነው። የሞተሩ ንዝረት ከዚያ ክፍል የራሱ ንዝረት ጋር ሲገጥም ይጮኻል፣ ሲለያይ ዝም ይላል። የሞተር የውስጥ ችግር ግን እንዲህ በቀላሉ መጥቶ አይጠፋም፤ ፍጥነቱ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፎሌ ላይ እንዳለ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሰው ይግፋላችሁ። ሞተሩ ጠፍቶም ከተንኳኳ ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ ወይም ሰንሰለት ነው። እየሄደ እያለ ፍሬኑን በስሱ ያዝ ስታደርጉት ድምፁ ከቆመ ደግሞ የፍሬን ሸራዎቹ በቦታቸው እየተወዛወዙ ነው። ይህች ትንሽ ሙከራ ብዙ ድካም ታድናለች።

ቆማችሁ እግር ማሳረፊያው ላይ ወጥታችሁ ተሽከርካሪውን ወደ ታች ወደ ላይ ጫን ለቀቅ አድርጉት። የሚንኳኳው በዚህ ጊዜ ከሆነ ሾክ፣ ጎሚኒ (መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ የጎማ ቀለበት)፣ ወይም የጎማ ክንዶቹ መጋጠሚያ ነው። ስትታጠፉ ብቻ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ መጋጠሚያ ጠርጥሩ። ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ስትቀይሩ "ድው" ካለ የማስተላለፊያው ዘንግ ክሮቼራ (መስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ) ሳይበላ አይቀርም።

ያገኛችሁትን ጻፉት። ቀዝቃዛ እያለ ነው ወይስ ሲሞቅ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት? ወደ ጋራዥ መሄድ እንኳን ቢመጣ ይህች ወረቀት መካኒኩን ከግምት ታድነዋለች፤ እናንተንም ከወጪ።

3. የት ነው ያለው?

ድምፅ በብረት ውስጥ ይጓዛል። ከፊት የሚሰማው ከኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ እጅ ያስፈልጋል።

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሌላ ሰው ነዳጁን ይያዝላችሁ። እናንተ ጓንት አድርጋችሁ ፕላስቲኮቹን፣ ዕቃ መጫኛ ፍርግርጉን፣ መከላከያውን አንድ በአንድ ጫን በሉ። የሆነ ቦታ ስትጫኑ ድምፁ ቀጥ ካለ ቦታውን በማርከር ምልክት አድርጉበት። ከሚሽከረከሩና ከሚግሉ ክፍሎች እጃችሁን አርቁ፤ ልብስና ሻርፕም ሰብስቡ።

ለሞተሩ ረጅም ካቻቪቴ ውሰዱ። ጫፉን የሞተሩ አካል ላይ አሳርፉ፣ እጀታውን ከጆሯችሁ ፊት ለፊት ካለው አጥንት ጋር አስጠጉ። እንደ ሐኪም ማዳመጫ ያገለግላል። ጭንቅላቱ ላይ፣ ሲሊንደሩ ላይ፣ ከታች ያለው ክፍል ላይ እየተዘዋወራችሁ አድምጡ። ድምፁ የሚደምቅበት ቦታ ምንጩ ነው ወይም ለምንጩ ቅርብ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የጎማ መዶሻውን አንሱና ማርሚታውን፣ ሽፋኖቹን፣ ከሆዱ ሥር ያለውን መከላከያ ቀስ ብላችሁ ኳኳ አድርጉ። የጠበቀ ነገር ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። የላላው ይንሿሿል።

ዓይናችሁም ይሥራ። በባትሪ ብርሃን ቡሎኖቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጥብቅ ያለ ቡሎን ዙሪያው እኩል አቧራ የያዘ ነው። እየተነቃነቀ የቆየ ቡሎን ግን ሮንዴላው (ከቡሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ስስ የብረት ቀለበት) ሥር ቀይ ቡናማ ዱቄት ያወጣል፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚወጣ ዝገት ነው። ሁለት ክፍሎች የሚጋጩበት ቦታ ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ፣ በትንሹ እንደተወለወለ ያብረቀርቃል። እነዚህን ሁለት ምልክቶች መፈለግ ከለመዳችሁ ብዙውን ኳኳታ ሞተር ሳታስነሱ ታገኙታላችሁ።

4. ከውጭ ጀምሩ

አብዛኛው ኳኳታ የሚያልቀው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ፕላስቲኮቹ የሚያዙት በቡሎንና በሚሰኩ የፕላስቲክ ፒኖች ነው። ፒን ሲሰበር ፕላስቲኩ ሻንሲው ላይ መምታት ይጀምራል። ፒኑን ለውጡ። ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የጎማ ቀለበት መኖር ነበረበት፤ ከደረቀ ወይም ከጠፋ አዲስ አድርጉ። ቡሎኑን ብቻ አጥብቆ ማለፍ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ሁለት ፕላስቲኮች የሚፋጩበት ቦታ ላይ ስስ ስፖንጅ ወይም ጎማ መለጠፍ በቂ ነው።

ዕቃ መጫኛው፣ መከላከያ ቱቦው፣ እግር ማሳረፊያው ሁሉም በቡሎን ነው የታሰሩት። አንድ ዙር ሁሉንም ፈትሹ።

ከሆዱ ሥር ያለው መከላከያ ላሜራ ለብቻው ይታይ። ጠጠርና ጭቃ ሾልኮ ይገባና ላሜራውና ሻንሲው መካከል ይቀራል። ስትነዱ ጠጠሩ ይዘላል፤ ከላይ ላለው ሰው ግን ሞተሩ የሚንኳኳ ይመስለዋል። ቡሎኖቹን ፈትታችሁ ላሜራውን አውርዱት፣ ጠርጉት፣ የተጣመመ ካለ አቅኑት፣ መልሳችሁ እሰሩት። አንድ ቡሎን ጠፍቶ ከሆነ ላሜራው እንደ ከበሮ ስለሚሆን በሌሎቹ እተማመናለሁ አትበሉ።

ከዚያ ወደ ጭስ ማውጫው። እግር እንዳይቃጠል ተብሎ ማርሚታውና ቱቦው ላይ የሚታሰር ስስ ላሜራ አለ። ቡሎኖቹ በየቀኑ ይግላሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፤ በዚህም ይላላሉ። ላሜራው የታሰረበት ቀዳዳ ሰፍቶ ከሆነ ሰፋ ያለ ሮንዴላ አስገቡለት። መያዣው ተሰብሮ ከሆነ የማይዝግ የብረት ፋሸታ (ማሰሪያ ቀለበት) ዙሪያውን ማሰር ይሠራል። የፕላስቲክ ማሰሪያ እዚህ ቦታ አይሆንም፤ ይቀልጣል።

ላሜራው ጥብቅ ሆኖ ማርሚታውን ስትመቱት ውስጡ የሚንሿሿ ከሆነ የውስጥ ክፍልፋዩ ተነቅሏል። ጫፉ ላይ ያለው የእሳት ብልጭታ መያዣ ወንፊትም ሊላላ ይችላል፤ እሱ ፈትቶ ማጽዳትና ማጥበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። የውስጡ ክፍልፋይ ግን ብየዳ ወይም አዲስ ማርሚታ ይጠይቃል። ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጥቁር ጥላሸት ካለ ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያውን የሚያሽገው ስስ ክፍል) ጭስ ያስተነፍሳል። ይህ "ጠክ ጠክ" የሚል ድምፅ አለው፣ ብዙ ጊዜ ከቫልቭ (የሞተሩ አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በር) ድምፅ ጋር ይምታታል። ጓርኒሲዮኑን ሳትለውጡ ወደ ቫልቭ አትሂዱ።

5. ጎማ፣ መሪ፣ ፍሬን

ፊቱን አንሱና መቆሚያው ላይ አሳርፉት። ጎማውን በሁለት እጅ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ወይም የክንዱ ቦል ጆይንት (ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ነው። አሁን ከግራና ከቀኝ ያዙትና ወዝውዙት። በዚህ ብቻ ከተነቃነቀ የመሪ ዘንጉ ጫፍ ነው። ሌላ ሰው ሲወዘውዝ እናንተ ጣታችሁን መጋጠሚያው ላይ አሳርፉ፤ የሚንኳኳው ጣታችሁ ሥር ይሰማችኋል።

ጎማውን አሽከርክሩት። የሚያጉረመርም ወይም የሚሻክር ድምፅ ካለው ኩሽኔታው አልቋል። መለወጥ ነው እንጂ ግሪስ ጨምሮ ማለፍ የለም። መሪና ጎማ የሚይዝ ክፍል ላይ ለነገ የሚባል ጥገና አይኖርም። ቦል ጆይንት ወይም የመሪ ዘንግ ጫፍ ላልቶ ከሆነ እስኪለወጥ አትንዱት። ስትለውጡ የዳዶው (ቡሎን ላይ የሚጠበቀው ቀለበት) መቆለፊያ ፒን አዲስ ይሁን፤ አንዴ የታጠፈ ፒን ድጋሚ አይታመንም።

የክንዶቹ ጎሚኒዎች በብረት ዘንግ ቀስ ብላችሁ ስትገፏቸው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ተበልተዋል። ሾኩ የተሰቀለባቸው ቡሎኖች ላይና ታች ይጥበቁ። ሾኩ ዘይት እያወጣ ከሆነ ደግሞ ማጥበቅ ብቻውን ድምፁን አያጠፋውም።

ፍሬኑ ላይ፣ ሸራዎቹን በቦታቸው የምትይዝ ስስ ሞላ አለች። ሸራ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ትረሳለች ወይም ተገልብጣ ትገባለች። ከሌለች ሸራዎቹ ጉድጓድ ላይ ሁሉ ይንኳኳሉ። ሞላዋን መልሱ፣ የሚያዙበትን ፒን አጽዱ። ሸራውና ዲስኩ የሚነካኩበት ቦታ ግሪስ እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

6. ኃይል የሚያስተላልፈው ክፍል

ኤቲቪያችሁ በሰንሰለት የሚሄድ ከሆነ ሰንሰለቱን መሃሉ ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ብዙ ሞዴሎች ላይ ከ25 እስከ 40 ሚሊሜትር አካባቢ መንቀሳቀስ ይፈቀዳል፤ ትክክለኛው ቁጥር መጽሐፉ ላይ አለ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰንሰለቱ አካሉን እየመታ ነው። በጣም ማጥበቅም ኩሽኔታ ይበላል። ጎማውን እያዞራችሁ በተለያየ ቦታ ለኩ፤ አንድ ቦታ ጥብቅ ሌላ ቦታ ልል ከሆነ ሰንሰለቱ እኩል አልተሳበም፣ መለወጥ አለበት። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስ ጫፍ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ሰንሰለቱም ጥርሶቹም አንድ ላይ ይለወጡ።

በዘንግ የሚሄድ ከሆነ ዘንጉን በእጅ ይዛችሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ጠምዝዙት፣ ወደ ላይም ግፉት። ክሮቼራው ላይ ላላ ያለ ነገር ከተሰማችሁ አግኝታችኋል። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ዘንጎች ላይ ያሉትን ጎማ ሽፋኖች እዩ። ሽፋኑ ተቀዶ ግሪሱ ከወጣ አሸዋ ገብቷል። ገና ድምፅ ካላወጣ አጽድቶ፣ ግሪስ ሞልቶ፣ ሽፋን በመለወጥ ይተርፋል። ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን መጋጠሚያው ሄዷል።

አውቶማቲክ ኤቲቪዎች አብዛኛዎቹ በቺንጋ ነው የሚሠሩት። በሚኒሞ እያለ የሚንኳኳ፣ ነዳጅ ስትሰጡት ዝም የሚል ድምፅ ካለ የቺንጋውን ክዳን ክፈቱ። የፊተኛው ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ክፍል) ውስጥ ያሉ ክብደቶች፣ ቡሾችና ትንንሽ የፕላስቲክ ተንሸራታቾች ሲበሉ እንዲህ ያደርጋሉ። ቺንጋው ተሰንጥቆ፣ ክሩ ወጥቶ ወይም ስፋቱ መጽሐፉ ከሚፈቅደው በታች ወርዶ ከሆነ ይለወጥ። የሚወጣውን ጥቁር አቧራ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ጥረጉ። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ሞተሩን አታስነሱ፤ ቺንጋ ከተበጠሰ ፍጥነቱ ሰው ይጎዳል።

7. መጨረሻ ላይ ሞተሩ

እስካሁን ምንም ካልተገኘ መጀመሪያ ዘይቱን ለኩ። ዘይት ያነሰው ሞተር ይንኳኳል። ሞልታችሁ ድምፁ ቢጠፋም ዘይቱ የት እንደሄደ ሳታውቁ አትለፉት። ሞተሩ ሻንሲው ላይ የታሰረባቸውን ቡሎኖችም ፈትሹ።

ከላይ፣ ከጭንቅላቱ የሚመጣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ "ጠክ ጠክ" ቫልቭ ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የሚዞረው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋናው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ስለሆነ ይህ ድምፅ ከሞተሩ ዙር በግማሽ ያነሰ ነው። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ፒስተኑ አየር ጨምቆ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ የማስገቢያውና የማስወጫው ሊለያይ ይችላል። ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ ከልክ በላይ አታጥብቡት። የጠበበ ቫልቭ ዝም ይላል፣ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። በትንሹ የሚሰማ ቫልቭ ከማይሰማው ይሻላል።

ሲነሳና ነዳጅ ስትለቁ ከሞተሩ ጎን የሚንሿሿው የካምሻፍት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱን የሚወጥረው ክፍል ደክሟል ወይም ሰንሰለቱ ተስቧል። ይህን አታዘግዩ፤ ሰንሰለቱ ጥርስ ከዘለለ ብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ጣሳ ውስጥ ያለ ጠጠር የሚመስል ድምፅ ከመጣ ነዳጁ ያለጊዜው እየነደደ ነው። ጥራቱ የወረደ ነዳጅ፣ ከመጠን በላይ የሞቀ ሞተር ወይም ውስጡ የተጠራቀመ ካርቦን ያመጣዋል። ነዳጁን ቀይሩ፣ ማቀዝቀዣው በጭቃ አለመደፈኑን እዩ።

ቀዝቃዛ እያለ ከሲሊንደሩ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚቀንሰው ፒስተኑ ክፍተቱ ስለሰፋ ነው፤ ወዲያው አያስቆምም፣ መከታተል ይፈልጋል። ከሞተሩ ታች የሚመጣ ወፍራም፣ ነዳጅ ስትሰጡ የሚጠነክር "ዱክ ዱክ" ግን የፒስተኑ ክንድ መያዣ ነው። እዚያው አጥፉት። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዱት፤ በጭነት መኪና ይወሰድ። ዘይቱን ስታወርዱ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኑ ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር ቢኖር ያለ ነው። የሚያብረቀርቁ የብረት ቅርፊቶች ካሉ ግን ሞተሩ መከፈት አለበት።

8. አጠባበቅ

የላላ ቡሎንን በኃይል ብቻ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም። ክሩን በሽቦ ብሩሽና በማጽጃ አጽዱ፣ አድርቁ፣ ከዚያ የቡሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉበት። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሰማያዊው ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል፤ ኋላ በተራ መፍቻ ይፈታል። ቀዩ ጠንካራ ነው፤ ለመፍታት በእሳት ማጋል ስለሚጠይቅ በመጽሐፉ ከተጠቀሰው ቦታ ውጭ አትጠቀሙበት። ፕላስቲክ ላይ ማጣበቂያው እንዳይፈስ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። በራሱ የሚቆለፍ ዳዶ ናይሎኑ ካለቀ ለውጡት። የጎማ ዳዶዎችን በተራ ሳይሆን በትይዩ፣ በመስቀል እያጠበቃችሁ ጨርሱ።

ሲያልቅ እያንዳንዱ ያጠበቃችሁት ዳዶ ላይና አጠገቡ ባለው ብረት ላይ በማርከር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። አጭር ንዱ፣ ተመለሱ፣ የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። ከዚያ በኋላ በታጠበ ቁጥር መስመሮቹን ማየት ይበቃል። መስመሩ የተሰበረበት ዳዶ ዞሯል፤ ድምፅ ሳያሰማ ያዙት።